ለሁለተኛው አልበም ጊዜ እንስጠው

የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ከፊታችሁ የተቀመጡት አራት ወጣቶች ሁለተኛ አልበማቸውን ዛሬ ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያሰማሉ። እኔ ሁለቱንም አልበሞች የቀዳሁ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። ሸክላው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት እንድናገር ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበኩር አልበም ማንም ሳይጠብቀው ነው የሚሠራው። ዜማው በመኝታ ክፍል ይጸነሳል፤ ሃያ ሰው ባልሞላበት አዳራሽ ይፈተናል፤ የማይረባው ይጣላል፤ የሚረባው ለዓመታት ሲታሽ ይቆያል። ሁለተኛው ግን በአንድ ዓመት፣ ያውም ከኮንሰርት ወደ ኮንሰርት በሚደረግ ጉዞ መሀል ተደርሶ እንዲያልቅ ይፈለጋል። የመጀመሪያውን ከመሰለ «አላደጉም» ይባላል፤ ካልመሰለ «ተለወጡብን» ይባላል። እኔ በቅርብ ሆኜ ያየሁት ግን፣ ሁለተኛ አልበም ላይ የሚደናቀፉ ባንዶች አብዛኞቹ ችሎታ ሳይሆን ጊዜ ነው ያጠራቸው።

የኒው ዮርኩን የሮክ ባንድ ዘ ስትሮክስን አስታውሱ። በ2001 በወጣው የበኩር አልበማቸው ስማቸው ከገነነ በኋላ፣ ለሁለተኛው ከእንግሊዙ ባንድ ከሬዲዮሄድ ጋር በመሥራት የታወቀውን ፕሮዲውሰር ናይጀል ጎድሪችን ይዘው ስቱዲዮ ገቡ። ሥራው አልሰመረላቸውም፤ ትተውት ወደ መጀመሪያው ፕሮዲውሰራቸው ወደ ጎርደን ራፋኤል ተመለሱ። በ2003 አልበሙ ሲወጣ ከቀድሞው አልራቀም የሚል ወቀሳ ጠበቃቸው። የእንግሊዙ ባንድ አርክቲክ መንኪስ ደግሞ በጥር 2006 ያወጡት የበኩር አልበም ብሪታንያ ውስጥ በአንድ ሳምንት ከ360,000 ቅጂ በላይ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸው ተለያቸው፤ እነርሱ ግን በሚያዝያ 2007 ሁለተኛውን አደረሱ። ይህን ጽናት ሁልጊዜ አደንቃለሁ፤ ከሁሉም ባንድ መጠበቅ ግን ግፍ ነው።

ጊዜ ስል ግን ዝም ብሎ የሚያልፈውን ጊዜ ማለቴ አይደለም። የማንቸስተሩ ባንድ ዘ ስቶን ሮዝስ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አልበማቸው መካከል አምስት ዓመት ነበራቸው፤ ከ1989 እስከ 1994 መጨረሻ። ከዚያ ውስጥ ብዙውን የበላው ከአሳታሚያቸው ጋር የገቡበት የፍርድ ቤት ክርክር ነው። ሲመለሱ መድረኩን ሌሎች ይዘውታል፤ የዚያው ከተማ ባንድ ኦአሲስ በ1994 ነሐሴ የበኩር አልበሙን አውጥቶ ነበር። አምስቱ ዓመት የልምምድ ክፍል ዓመታት ቢሆኑ ኖሮ ምን ያሰሙን ነበር እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

የዛሬው የሙዚቃ ዓለም ደግሞ ጊዜን በሴኮንድ ይሰፍራል። ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚያሰማው በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ የሚባለው ቢያንስ 30 ሴኮንድ ሲጫወት ነው። ከ2024 ጀምሮም በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ስፖቲፋይ ለተቀዱ ዘፈኖች ከሚያከፋፍለው ገንዘብ ክፍያ አያገኝም። በ1977 የእንግሊዙ ባንድ በዝኮክስ 500 ፓውንድ ተበድረው የመጀመሪያ ሸክላቸውን ራሳቸው ሲያሳትሙ የሚያስጨንቀው ማሳተሙ ነበር፤ ዛሬ ማውጣቱ ቀላል ነው። የሚከብደው እስከ መጨረሻው መደመጥ ነው።

ይህ በስቱዲዮም ገጥሞናል። የአልበሙ ሦስተኛ ዘፈን መግቢያው 52 ሴኮንድ ነው። ቤዝ ጊታሩ ብቻውን ይጀምራል፤ ጊታሩ ከሩቅ ይከተለዋል፤ ድምፃዊቷ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል፤ ቃል የሚወጣት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የሰማ አንድ የሥርጭት አማካሪ መግቢያው ወደ 10 ሴኮንድ እንዲያጥር መከረን። በክፋት አልነበረም፤ የገበያውን ጠባይ ያውቃል። አሳጥሬ አሰማኋቸው። ቤዝ ተጫዋቹ አቀርቅሮ ሰማና «ይህ ዘፈን በሩን ሳያንኳኳ ገባ» አለ። ሌላ ሰው አልተናገረም። ሙሉውን መለስኩት። እንዲያውም ከቀዳናቸው ሰባት ቅጂዎች አራተኛውን መረጡ፤ ወንበሩ ሲጥ ሲል የሚሰማበትን። ጣቶቹ ያን ጊዜ እንደነበሩት በሌሎቹ ላይ አልነበሩም።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት በመፈለግ ልጆቹ ብቸኞች እንዳልሆኑም አምናለሁ። በ2022 አሜሪካ ውስጥ 41 ሚሊዮን ሸክላ ሲሸጥ የሲዲው ቁጥር 33 ሚሊዮን ነበር፤ ሸክላ ሲዲን በቁጥር የበለጠው ከ1987 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሸክላ የሚገዛ ሰው ከእያንዳንዱ ዘፈን በኋላ እየተነሳ መርፌ አያነሳም። ተቀምጦ አንዱን ገጽ ይጨርሳል፤ ይገለብጣል፤ ሌላውን ይቀጥላል።

በመካከላችን ለምትገኙ ጋዜጠኞች አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ ማታ አትጻፉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። አልበሙን ቤታችሁ ወስዳችሁ ሁለቴ ሦስቴ ስሙት፤ አንዴ በጠዋት፣ አንዴ ሲመሽ። ካልወደዳችሁት ያን ጊዜ ሳትራሩ ጻፉ፤ ልጆቹ ይችሉታል። ለእናንተም፣ በበኩር አልበማቸው ለወደዳችኋቸው፣ የቀድሞውን ዘፈን በዚህኛው ውስጥ አትፈልጉት። እርሱ በቦታው አለ።

መብራቱን ቀነስ አድርጉልን። የመጀመሪያው ገጽ 21 ደቂቃ ነው። መርፌው እንዳረፈ አራት የድራም ዱላ ምት ትሰማላችሁ። በመጀመሪያው አልበም ላይ እኔ ቆርጬ አውጥቼው ነበር፤ በዚህኛው ድራም ተጫዋቹ እንዲቀር ጠየቀኝ፤ ቀርቷል።