ሳናውቀው የተማርነው

የተከበራችሁ የጉባኤው ታዳሚዎች፣

ስለ ፊልም ተጽዕኖ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንከራከረው ሥራው ሊያስተላልፍ ስለፈለገው መልእክት ነው። ተመልካች ግን ለመልእክት ይጠነቀቃል፤ ይቀበለዋል ወይም ይሟገተዋል። ሳይመረምር የሚያሳልፈው ከታሪኩ ጀርባ ያለውን ዝርዝር ነው፤ ውሎ አድሮም ያንን ዝርዝር ዕውቀቱ ያደርገውና ከየት እንዳገኘው ይረሳዋል።

ሮኬት ሲወነጨፍ ቁጥር ወደ ኋላ የመቁጠርን ልማድ በሰፊው ያስተዋወቀው ፍሪትዝ ላንግ እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ጨረቃ ጉዞ የሠራው ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ወደ ላይ ቢቆጠር ተመልካቹ ማብቂያውን አያውቅም፤ ወደ ዜሮ ሲወርድ ግን ትንፋሹን ይይዛል። ሰው ወደ ጠፈር የወጣው ግን ከ32 ዓመት በኋላ ነው።

ሜክሲኮ ሲቲም ሌላ ምስክር ናት። የሙታን ቀን ቤተሰብ የሞቱ ዘመዶቹን በየቤቱና በየመቃብሩ የሚያስብበት ጥንታዊ በዓል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጄምስ ቦንድ ፊልም ግን በከተማዋ ጎዳናዎች ያልነበረ ታላቅ ሰልፍ አሳየ፤ በቀጣዩ ዓመት ከተማዋ ሰልፉን በእውን አካሄደችው። ጎብኚው ፊልሙ ልማዱን የቀዳ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የሕክምናው ነው። በፊልም የሕመምተኛው የልብ ምት መስመር ቀጥ ሲል ሐኪሙ ወዲያው በኤሌክትሪክ ንዝረት ያስነሣዋል። በእውነቱ ንዝረት የሚሰጠው ምቱ በአደገኛ ሁኔታ ለተዛባ ልብ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ካለ የሚቀረው ደረትን ደጋግሞ መጫንና መድኃኒት መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ሦስት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን መርምሮ ነበር፤ ልባቸው ቆሞ እንዲህ ያለ እርዳታ ካገኙት ውስጥ 75 በመቶው ወዲያው ሲተርፉ፣ 67 በመቶው ከሆስፒታል እስከ መውጣት የደረሱ መስለው ታይተዋል። በሆስፒታሎች ያለው ውጤት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለዚህ አንድ ቤተሰብ፣ የጠና ሕመምተኛው ልብ ቢቆም ይህ እርዳታ ይደረግለት ወይስ ይቅር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ውሳኔውን የሚመዝነው አይቶ በረሳው ትዕይንት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙም ስለ በሽታው ከማስረዳቱ በፊት፣ ቤተሰቡ መማሩን እንኳ የማያስታውሰውን ትምህርት ማረም ይጠበቅበታል።

አመሰግናለሁ።