ጉበት ሲታመም አንጎልም ይፈተሽ

[ሐኪምና ታካሚ ፊት ለፊት ተቀምጠው]

ታካሚው የጉበት ሲሮሲስ፣ ማለትም ጉበትን ጠባሳ የሚያደርግ በሽታ፣ አለበት። ቀኑን ሲጠይቁት በትክክል ይመልሳል። የት እንዳለም ያውቃል። ጨዋታው እንደ ወትሮው ነው። መኪና ሲነዳ ግን ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። የለመደው ሂሳብም ይምታታበት ጀምሯል።

[ከአንጀት ወደ ጉበት የሚሄድ ደም]

ምክንያቱ አሞኒያ የሚባል፣ ሲበዛ አንጎልን የሚጎዳ ቆሻሻ ነው። በብዛት የሚመነጨው አንጀት ውስጥ ነው። ጤነኛ ጉበት ወደ ዩሪያ ይቀይረዋል፤ ከዚያ በሽንት ይወጣል። ሲሮሲስ ያለበት ጉበት በጠባሳ ስለተሞላ ይህን በደንብ አይሠራም። ከደሙም የተወሰነው ጉበቱን በአቋራጭ አልፎ ይሄዳል። አሞኒያው አንጎል ሲደርስ ቀድሞ የሚጎዳው ትኩረትንና የማሰብ ፍጥነትን ነው። ንግግር ብዙ ጊዜ ደህና ይቆያል። ለዚህ ነው በወሬ ብቻ የማይያዘው። ችግሩ ስውር ሄፓቲክ ኢንሴፋሎፓቲ ይባላል።

[የሰዓት ቆጣሪ፦ 60]

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ታካሚው በ60 ሰከንድ ውስጥ የቻለውን ያህል የእንስሳት ስም ይጥራ። በቃ! የተደገመ ስም አይቆጠርም። ከ10 በታች ከጠራ ያጠራጥራል። ከ15 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያሰጋም። መሃል ላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። እርግጥ ዕድሜና ትምህርትም ውጤቱን ይነካሉ፤ ስለዚህ ይህ ማጣሪያ እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

[ወረቀት ላይ የተበታተኑ ቁጥሮች]

ቀጥሎ የወረቀትና የእርሳስ ፈተናዎች አሉ። አንዱ የተበታተኑ ቁጥሮችን በቅደም ተከተል በመስመር ማገናኘት ነው፤ የሚለካው ጊዜው ነው። በስልክ የሚሠራም አለ፦ «ቀይ» የሚለው ቃል በሰማያዊ ተጽፎ ይመጣል፤ ታካሚው ቃሉን ትቶ ቀለሙን ይለያል። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩት እስቲ።

የደም አሞኒያ መለካትስ? ለብቻው አይበቃም። እኔ ብሆን ከዚያ በፊት አብሮት የሚኖረውን ሰው እጠይቃለሁ። እንቅልፉ ተዛብቷል? መርሳት አብዝቷል? ወድቆ ያውቃል? ታካሚው ራሱ ላያስተውለው ይችላል።

[ሽሮፕ]

ከተገኘ ሕክምና አለው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ላክቱሎስ በሚባል ሽሮፕ ነው፤ መጠኑ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ለስላሳ ሰገራ እንዲኖር ተደርጎ ይስተካከላል። የሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽንና የእንቅልፍ መድኃኒት ግን ነገሩን ያባብሱታል። አሞኒያን ፈርቶ ፕሮቲን ማቆምም አይመከርም፤ ጡንቻም አሞኒያን ስለሚያስወግድ፣ ጡንቻው የከሳ ታካሚ የባሰ ይጎዳል።