አንዲት መስመር

እሺ... እየቀዳ ነው። አዎ፣ ዛሬም ብርድ ልብስ ውስጥ ነኝ። ዶሮውም በሕይወት አለ። ፋሲካን እንዴት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ነበር ላወራ ያሰብኩት። ግን ትናንት ማታ ያንን ፎቶ መልሼ ከፈትኩትና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ታናሼ ከመተማ የላከልኝን። ታሪኩን ነግሬያችኋለሁ፤ ዋናውን ግን ዘልዬዋለሁ።

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር ሲደውል። "እታለም፣ ራሴን ሊፈልጠኝ ነው። ብርድ ብርድ ይለኛል" አለኝ። ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው እንግዲህ፤ መስከረም መጨረሻ። ጤና ኬላ ሄድክ? ሄጃለሁ። ምን አሉህ? ጣቴን ወግተው አዩና ወባ የለብህም አሉኝ። "ቆይ፣ ፎቶ አንስቼዋለሁ" ብሎ በቴሌግራም ላከው። ያቺ ነጭ ፕላስቲክ። አንድ ቀይ መስመር ብቻ። ምርመራው መሥራቱን የምታሳየዋ መስመር ናት። የወባው ቦታ ባዶ ነው።

እና ምን አልኩት? "ነጌቲቭ ነው በቃ፣ ምን ትነፋረቃለህ? ፀሐይ መትቶህ ነው። ውሃ ጠጣ።" ሳቅኩም። እሱ ዝም አለ። ከዚያ "እሺ" አለኝ። ያቺ እሺ... ሲያኮርፍ የሚላት እሺ አይደለችም። አምኖኝ ነው እሺ ያለው።

በአራተኛው ቀን ጓደኞቹ በሰሊጥ ጭነት መኪና አጋድመው ከተማ አወጡት። ጤና ጣቢያ ደሙን በማይክሮስኮፕ አዩት። ፋልሲፓረም። ከባዱ ዓይነት። እማዬ ይሄኔ በአውቶቡስ ረዳት ፌጦ ልካለች፣ ከነጭ ሽንኩርት ጋር። ረዳቱ ሽንኩርቱን አድርሶ ፌጦውን አላደረሰም። እስከ ዛሬ "ያለ ፌጦ ዳነ ይባላል?" ትላለች። ድኗል፣ እማዬ። ድኗል።

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ታውቁኝ የለ፣ ጥፋት ሲሰማኝ አነባለሁ። መጽሐፉን ማለቴ ነው። ያኛውንም ትንሽ።

ለካ ይሄ ፈጣን ምርመራ የወባውን ተሕዋስ ራሱን አያይም። ፋልሲፓረም ደም ውስጥ የሚለቀውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን፣ የዘር መመሪያው ማለቴ ነው፣ የጎደላቸው ተሕዋሳት ደግሞ አሉ። በፈረንጆቹ 2010 ፔሩ፣ አማዞን አካባቢ፣ መኖራቸው ተጻፈ። ቆይቶ ኤርትራ። ከዚያ እኛው ጋ። 2017 እና 2018 አማራ፣ ትግራይና ጋምቤላ ውስጥ 12,572 ሰው ተመረመረ። በዚህ ጉድለት የተነሳ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶው በምርመራው እንደማይያዝ ተገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 በመቶ ካለፈ ምርመራውን ቀይሩ ነው የሚለው።

ነርሷ ጓደኛዬ "ወባ ነቃችብን" አለችኝ። ወደድኩት አባባሉን። ግን ማንም አልነቃም። እንበል ፖሊስ ጋቢ የለበሰውን ሁሉ አፍስ ተባለ። ከዓመታት በኋላ ከተማው ጋቢ በሌላቸው ቢሞላ፣ ጋቢውን ያወለቀ የለም እኮ። ድሮም ጋቢ ያልነበራቸው ናቸው የተረፉት፣ የተዋለዱት። እዚህም እንደዚያው። ጂኑ የጎደለው ተሕዋስ ምርመራው ጎደል ስላለው አልተፈጠረም፤ በአጋጣሚ እዚያው መሃላቸው ነበር። ጂኑ ያለው ይታያል፣ ኮአርተም ይታዘዝለታል፣ ያልቃል። የጎደለው "ነጌቲቭ" ተብሎ ከነሰውዬው ወደ ሰሊጡ ይመለሳል። ማታ ቢምቢ ትመጣለች። ለሚቀጥለው ሰው ታደርሰዋለች።

የተፈጥሮ ምርጫ ይሉታል። ስሙ ራሱ ትንሽ ያስቀኛል። እዚህ ጋ ተፈጥሮ ማለት ያቺ ፕላስቲክ ናት። እና ስልክ ላይ "ውሃ ጠጣ" የምትል እህት።

...ይቅርታ። ዶሮው ነው።

የማላዊን ነገር ሰምታችኋል? 1993 ላይ ክሎሮኪንን ተዉት፤ ተሕዋሱ ለምዶት ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲያዩት መድኃኒቱ የሚገድለው ዓይነት ተመልሶ በዝቷል። መቋቋሙ መድኃኒቱ በሌለበት ዕዳ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ምርመራውን ስንቀይር ጂኑ ያላቸውም... እንጃ፣ ምናልባት። ክሎሮኪን ካልኩ፣ አባዬ ምሬቱ አሁንም ምላሴ ላይ አለ ይላል። ቡና ስናፈላለት ሁሉ "ክሎሮኪን አደረጋችሁት" ነው። ስኳር ሦስት ማንኪያ ጨምሮ!

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። ያንን ጥናት ሳነብ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ደስ አለኝ። ወንድሜ ሊሞትብኝ ነበር፣ እኔ ደስ አለኝ። ጥፋተኛ አገኘሁ። ዝግመተ ለውጥ ነው ያታለለኝ እንጂ እኔ አይደለሁም። ለስንት ሰው እንደዚያ ብዬ አወራሁ መሰላችሁ። ሰው ሁሉ "ወይ ጉድ" ይለኛል። እኔም እንደ ሊቅ አንገቴን እነቀንቃለሁ።

የሱን ተሕዋስ ጂን ግን ማንም አላየውም። ሕመሙ ገና ጀማሪ ስለነበር የተሕዋሱ ቁጥር ለምርመራው አንሶ ይሆናል። ወይ ምርመራው ሙቀት ላይ ተቀምጦ ተበላሽቶ ይሆናል፤ መተማ ነው እኮ። ወንድሜ ራሱ እንደሆነ ረስቶታል። "አንቺ ደግሞ ትነፋረቂያለሽ" ይለኛል፣ ቃሌን መልሶ ለኔው።

ትናንት ፎቶውን አጎላሁት። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ጨመርኩ። አንዳንዴ ምንም የለም። አንዳንዴ ግን ከመስመሯ ጎን ቀጭን፣ እንደ ፀጉር የምታክል፣ ሐምራዊ ነገር... የጣቴ ቅባት ይሆናል። ስክሪኑን ጠረግኩት። መስመር ካለች ደግሞ ጂኑ አልጎደለም ማለት ነው፤ እኔ ነኝ ሽንኩርት እየከተፍኩ በእንባ ዓይን ያየሁት። ለናንተ ልልከው አስቤ ነበር፣ እስቲ እዩልኝ ብዬ። ግን አያችሁና አለች ካላችሁኝስ...

ወይ ይሄ ዶሮ። ቆይ መስኮቱን ልዝጋ—