ለጎረቤቴ ልጅ ዋስ የሆንኩ ጊዜ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ታሪክ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየን። የጄኔሬተሩ ጉዳይ እንደሆነ እንደምታውቁት ዘንድሮም አያልቅም። ዛሬ የማወራው ስለ ዋስትና ነው። ማለቴ ስለ ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ስለተጠየቅኳት አንዲት ጥያቄ ነው። እዚያ እደርሳለሁ፣ ታገሱኝ።

የታችኛው ብሎክ እትዬን ታውቋቸዋላችሁ። እንጀራ የሚያቀርቡልን። የእናቴ ተዝካር ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ምጣድ ላይ ያደሩት እሳቸው ናቸው፣ ያኔ አውርቻለሁ። የእሳቸው ልጅ ተያዘ። ሞባይል ቀምተሃል ተብሎ። አብሮት ነበር የተባለው ልጅ በሞተር አመለጠ፣ ይሄኛው እየሮጠ ተያዘ። እሱ እኔ ምንም አልነካሁም ይላል። የሮጥኩት ሰው ሁሉ "ሌባ! ሌባ!" ሲል ደንግጬ ነው ይላል። እውነቱን አላውቅም። ያኔም አላውቅም ነበር፣ አሁንም አላውቅም።

እትዬ በሬ ላይ ቆመው የጠየቁኝ ግን ሰረቀ አልሰረቀ አይደለም። አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው፣ "ልጄ፣ ውንብድና ነው አሉኝ። ውንብድና ከሆነ አይፈታም ማለት ነው?" አሉኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ግን የምሠራበት ቢሮ ሕግ ክፍል ውስጥ ያለው ጓደኛዬ፣ ያው እናንተ "መዝገቡ" የምትሉት፣ ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ያስረዳኝን እንዳለ ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር የሁላችንም በር ያንኳኳል።

ዋስትና ውለታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር። እዚያው አንቀጽ ላይ በዋስ የመፈታት መብት አለው ይላል። ፍርድ ቤት መከልከል የሚችለው ሕግ ባስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች ነው። እነሱን ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። አንዱ የቅጣቱ ክብደት ነው። ሌሎቹ የሰው ጠባይ ናቸው፦ ይጠፋል ተብሎ ከተፈራ፣ ወጥቶ ሌላ ወንጀል ይሠራል ከተባለ፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል ከተባለ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወንጀሉ ምን ተብሎ ተመዘገበ የሚለው ላይ ይንጠለጠላል። ተራ ስርቆት ከሆነ ቀላል እስራት ነው፣ ከፍ ካለም እስከ 5 ዓመት ጽኑ። ውንብድና ውስጥ ከገባ ሌላ ነው። በቡድን፣ በመሣሪያ ተብሎ ከባድ ውንብድና ከሆነማ ከ5 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል።

ስርቆትን ውንብድና የሚያደርገው ምንድን ነው ስለው "ጉልበት" አለኝ። ሰውየው ተገፍቷል ወይስ አልተገፋም። ተመትቷል፣ ተዝቶበታል ወይስ ኪሱ ውስጥ ብቻ ነው የተገባው። ይቺን ያዙልኝ።

ፍርድ ቤት መጀመሪያ ሲቀርብ መርማሪው 14 ቀን ጠየቀ። ግብረ አበሩን ልይዝ፣ የምስክር ቃል ልቀበል ብሎ። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ መስጠት አይቻልም፣ ከዚያ በታች ግን ይቻላል፤ ዳኛዋም ቀነሰችው። በሁለተኛው ቀጠሮ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ስርቆት ነው። ዳኛዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ ልጁን አየችው። 10 ሺህ ብር ያስይዝ፣ ወይም ለዚሁ ገንዘብ በቂ የሆነ የሰው ዋስ ያቅርብ፣ በሌላ ወንጀል የማይፈለግ ከሆነ ይፈታ አለች። አለቀ። ከኋላዬ የነበሩት ሰዎች ገና ተራቸውን እየጠበቁ ነው፣ የኛ አልቋል። እትዬ ግን አልገባቸውም፣ "ምን አለች? ምን አለች?" እያሉ ክንዴን ይጎትታሉ።

10 ሺህ ብር። ዕቁባቸው ገና አልደረሳቸውም። ዕድሩ ለሞት እንጂ ለዚህ አይሆንም። እኔ ቋሚ ሠራተኛ ነኝ። ከመሥሪያ ቤቴ ደመወዜን የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩ፣ የታደሰ መታወቂያዬን ያዝኩ፣ ዋስ ሆንኩ። ልጁ ቀጠሮ ቢቀር ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ ማለት ነው። ስፈርም እጄ አልተንቀጠቀጠም። አሁንም ልድገመው፣ እንደገና ብባል እንደገና እፈርማለሁ። ያልተፈረደበት ልጅ እናቱ 10 ሺህ ብር ስለሌላት ብቻ ሲሚንቶ ላይ ሊያድር አይገባም። ይሄ እምነቴ አልተነቃነቀም።

ደብዳቤው የወጣው አርብ ነው እንግዲህ። አርብ ደግሞ ቢሮ የሚዘጋው 5:30 ነው፣ የሚከፈተው 7:30። ሬጅስትራሩ ጋ ስንደርስ እየቆለፉ ነበር። እትዬ በሩን ሲያዩ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ከሰዓት ካልጨረስን ልጁ እስከ ሰኞ እዚያው ነው። ሰኞ! ሰው ዋስትና ተፈቅዶለት፣ ዋስ አግኝቶ፣ ማኅተም የያዘው ሰው ምሳ ስለወጣ ብቻ ቅዳሜና እሁድን ታስሮ ያሳልፋል። ስንት ሰው ይሆን እንዲህ የሚሆነው። ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የነበረ አንድ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ዋስትና ተፈቅዶለታል፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ግን አዲስ አበባ ውስጥ የለውም። አንድም ሰው። ልጁ ነው የነገረን። እትዬ ሁለተኛ ምሳ ዕቃ መቋጠር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ይሄን ሳስብ አሁንም ያናድደኛል። መብቱ አለህ ይባላል፣ ከዚያ መብቱን የሚያወጣልህ ሰው አምጣ ይባላል።

ድሮ አያቴ ሲያወሩ፣ መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርጉት ነበር። "ዋስ ጥራ!" ይባላል። ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ይታሰርና ዳኛው ቤት ድረስ አብረው ይሄዳሉ። ከሳሽና ተከሳሽ። አብረው ወንዝ ይሻገራሉ፣ አብረው ጥላ ሥር ያርፋሉ። ሲያወሩት ያስቀን ነበር። አሁን ግን... ከሳሽ ቢያንስ ተከሳሹ የት እንዳለ ያውቃል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አሁን ይገባችኋል።

ከሰዓት ጨረስን። የመፍቻውን ትእዛዝ ይዘን፣ እኔና እትዬ፣ ጣቢያ ገባን። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ረጅም አግዳሚ አለ። አግዳሚው ላይ ባለጀበናችን ተቀምጣለች።

ባለጀበናችን! ከቢሮዬ ማዶ የምታፈላው። እዚህ ፕሮግራም ላይ ስንት ጊዜ አንስቻታለሁ፣ በረካዋ እንኳን የማይቀጥነው። ሰሞኑን ቦታዋ ላይ አልነበረችም፣ አገር ቤት ሄዳ ይሆናል ብዬ ነበር። አየችኝና ብድግ አለች። ፊቷ በራ። በግራ እጇ ያዘችኝ፤ ቀኙ ከክርኗ እስከ አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል። ፋሻው ጠርዙ ላይ ቢጫ መድኃኒት አለው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

"አንቺም ሰምተሽ መጣሽልኝ?"

ይቺ ናት። በቃ ይቺ ጥያቄ ናት።

ልጠይቃት የመጣሁ መስሏታል። ያ ሁሉ ሰው ቡናዋን የጠጣ፣ በዱቤ የጠጣ፣ እሷ ዘንድ ተቀምጦ ችግሩን ያወራ፣ ማንም አልመጣ፣ እኔ መጣሁላት። በዚያች ደቂቃ ፊቷ ላይ ያየሁት እሱ ነው። እኔ ደግሞ ገና አልገባኝም። "ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። "ስልኬን ቀሙኝ አይደል" አለች፣ "ገፍትረው ጣሉኝ፣ የፈላው ጀበና እላዬ ላይ ተገለበጠ።" ስልኩ ውስጥ ቴሌብሯ አለ፣ የዱቤ ሰዎቿ ቁጥር አለ። ቤሩት ያለችው እህቷ የምትደውልላት በሱ ነው። "መዝገቡ የት ደረሰ ልል ነው የመጣሁት" አለች።

ያኔ ገባኝ። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁ። እሷም አየችው።

"ለልጁ ነው የመጣሁት" አልኳት። "ጎረቤቴ ነው። ዋሱ እኔ ነኝ።" ሌላ ምን ይባላል። ልዋሻት አልችልም፣ ተረኛው እኮ ስሜን እየጠራ ነው። እጄን ወዲያው አልለቀቀችውም። እዚያ ላይ ነው ሁልጊዜ የምመለሰው። እንደያዘችኝ "ይፈታል?" አለች። "በዋስ ነው፣ ጉዳዩ አልተቋረጠም፣ ቀጠሮ አለው፣ ነጻ ነው ማለት አይደለም" አልኩ፣ ጓደኛዬ መዝገቡ ያስረዳኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ጨርሼ ስቆም "ይፈታል ማለት ነው እንግዲህ" አለች። "አዎ።" ከዚያ ለቀቀችኝና ተቀመጠች።

ማንም አልነገራትም። አንቀጽ 19ን እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ እሷ ግን ቀምቶኛል ያለችው ልጅ ዛሬ እንደሚፈታ የሰማችው ከኔ ነው። ከዋሱ። ዋስትና ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚሰጥ፣ ጉዳይዋ እንዳልተዘጋ፣ አንድ ሰው አስቀምጦ ቢነግራት ምን ነበረበት?

ልጁ ወጣ። ቀበቶውን በእጁ ይዞ፣ ጫማው ያለ ክር። እትዬ አንገቱ ሥር ገብተው አለቀሱ። ከዚያ ዞር ሲሉ የሴትየዋን ክንድ አዩ። ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ሄደው ጉልበቷ ላይ ሊወድቁ ሲሉ በደህና እጇ ያዘቻቸው። "ይነሱ እማዬ፣ እርስዎ ምን አደረጉ" አለቻቸው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "ትናንት እዚሁ በር ላይ አይቼዎታለሁ። ስንቁን ሲያስቀምሱዎት" አለች። ያው ታውቃላችሁ፣ ምግብ ስታስገቡ መጀመሪያ ቅመሱ ትባላላችሁ። ወጡ ቀይ ነበር አለች። ይሄን ለምን እንዳለች አላውቅም። ብዙ አስቤዋለሁ። ቁጣ ነው? እዝነት ነው? ወይ ዝም ብላ ያየችውን ነው የተናገረችው?

ልጁ ቀና ብሎ አላያትም። ያ ጥፋቱን ያሳያል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም መንገድ ላይ እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን እንደዚያ ባለ ቦታ ከርሞ የወጣ ልጅ ማንን ቀና ብሎ ያያል? አላውቅም።

አሁን የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። መዝገቡ ላይ ስርቆት ነው የሚለው። ክንዷ ግን ሌላ ነው የሚለው። "ገፍትረውኛል ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ" ትላለች። ስለዚህ ወይ ቃሏ በደንብ አልተጻፈም፣ ወይ የገፈተራት በሞተር ያመለጠው ነው፣ ወይ... ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ሊቀይረው ይችላል ብሎኛል ጓደኛዬ መዝገቡ። አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ዋስትናውን እንደገና ሊያየው ይችላል። ታዲያ እኔ ፋሻውን አይቻለሁ። ሲገፈትሯት አላየሁም፣ ፋሻውን ግን አይቻለሁ። ዋስ የሆንኩት ልጁ ቀጠሮው ላይ እንዲገኝ ነው፣ ንጹሕ ነው ብዬ አልፈረምኩም። ይሄንን ለራሴ ስነግረው ልክ ነው። ለሷ ስነግራት ግን እንዴት እንደሚሰማ ሰምቼዋለሁ።

ሐኪም ማስረጃ አላት ወይ ብላችሁ ትጽፉልኝ ይሆናል። አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት ነው። ጓደኛዬን መዝገቡን ይዤው ልሄድ አስቤያለሁ፣ እሱ ምን ማድረግ እንደምትችል ያስረዳታል። እትዬ ይሄን ሲሰሙ ግን ምን ይላሉ? ልጄን አስፈትተሽ ልታሳስሪው ነው ወይ አይሉኝም? ተዝካሩ ላይ ምጣድ ሥር ያደሩ ሴት ናቸው እኮ። ሽምግልና ይሁን ይላሉ እሳቸው፣ ስልኩን ገዝተን እንተካ፣ ክንዷን እናሳክም። እሷ ደግሞ እሺም እንቢም አላለችም። ትናንት ቦታዋ ላይ ተመልሳለች፣ በግራ እጇ እየቀዳች። ጠጣሁ። ሰው ብዙ ነበር፣ አላወራንም።

ቀጠሮው ከበዓሉ በኋላ ነው። እሷ ለምስክርነት ትጠራለች፣ እኔ ልጁን ይዤ እቀርባለሁ፣ እትዬም ይመጣሉ። ያቺ ችሎት ጠባብ ናት፣ መቀመጫው ግራና ቀኝ ነው፣ እና እኔ... ቆይ፣ እትዬ ናቸው የሚደውሉት። ልመልስላቸው መሰለኝ። እስኪ ሌላ ጊዜ...