በር ለሌለው ሰው የሚሆን ሕክምና

የተከበራችሁ የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች፤

ዛሬ የምለምናችሁ ጉዳይ አንድ ነው፤ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ የሚያድሩ ወገኖቻችን የአካል፣ የአእምሮና የሱስ ሕክምናቸውን በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ከአንድ የባለሙያዎች ቡድን እንዲያገኙ ነው።

ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በከተማችን ጎዳና ላይ የሚኖሩ 217 አዋቂዎችን አጥንተው፣ ከመቶ 90 ያህሉ የአእምሮ ሕመም ወይም የአልኮል ችግር እንዳለባቸው አገኙ። ከመቶ 41ዱ ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ ከመቶ 60ዎቹ ደግሞ ለጉዳት የሚዳርግ ወይም ጥገኝነት ላይ የደረሰ የመጠጥ ልማድ ነበረባቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ከ90 ማለፋቸው ሁለቱንም በአንድነት የተሸከሙ ሰዎች እንዳሉ ያሳያል። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሳይኮሲስ ካለባቸው መካከል ሕክምና አግኝተው የሚያውቁት ከአሥር አንዱ ብቻ መሆናቸው ነው።

በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር የሚያድር፣ አረቄ የሚጠጣ፣ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው አንድ ሰው ነበር። የነቀርሳ ክፍሉ «በመጀመሪያ መጠጡን አቁም» አለው፤ ስለ መጠጡ የሄደበት ቦታ ደግሞ «በመጀመሪያ ሳንባህን ታከም» ብሎ መለሰው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚልከውን ወረቀት ከጻፉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ስድስት ወር መወሰድ የነበረበት መድኃኒት በሁለተኛው ወር ተቋረጠ፤ ሰውየውንም ዳግመኛ አላገኘሁትም።

«አቁምና ና» የሚለው ምክር ጨካኝ ብቻ ሳይሆን በሕክምናም አደገኛ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊመጣበት ይችላል፤ በሦስተኛው ቀን ገደማ ደግሞ አእምሮው ተዛብቶ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል። ይህን በተኝቶ መታከሚያ ክፍል ውስጥ እያየን፣ ርኩስ መንፈስ ነው ወይም አስቸጋሪ ታካሚ ነው ብለን ያሰርነውና ያሰናበትነው ሰው ጥቂት አይደለም። የሚያስፈልገው ግን ዲያዜፓም የተባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1)፣ እንዲሁም አጠገቡ የሚሆን ነርስ ነው።

አሠራራችንም ቤት ያለውን ሰው አስቦ የተቀረጸ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቻችን ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ምዝገባም በቤተሰብ ነው። አድራሻና መታወቂያ የሌለው ሰው ከሁለቱም ይቀራል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ፣ የነቀርሳ ባለሙያና የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አንድ ቡድን ሆነው፣ ሰዎቹ ከመኝታቸው ሳይበተኑ በማለዳ ወደሚያድሩበት እንዲሄዱ እጠይቃለሁ። የእግር ቁስል በማጠብ ይጀምሩ፤ ቁስሉን ያጠበለትን ሰው ታካሚው ስለ መጠጡም ሊያማክረው ይደፍራልና። የነቀርሳውን ኪኒንም ያው ነርስ በየቀኑ ትስጠው፤ ጠጥቶ በመጣበት ቀንም አትከልክለው። በቀን ይጠጣ ከነበረው ግማሹን የቀነሰ ሰው መሻሻሉ በካርዱ ላይ ይመዝገብለት።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጤና ጣቢያዎች ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንድንመርጥ በትሕትና እጠይቃለሁ። አመሰግናለሁ።