እሺ ያለው ማን ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ እንግሊዝኛ ግሶች ነው። ቆይ፣ አትዝጉት! የሰዋስው ትምህርት አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

«አግሪ» ለሚለው ቃል ተመሳሳይ ፈልጉ ብትባሉ ስልካችሁ አንድ ኩንታል ቃል ይዘረግፍላችኋል። ኮንከር፣ ኮንሰንት፣ አሰንት፣ አክሲድ፣ አክዊየስ፣ ኮንሲድ፣ ኮምፕላይ። ሁሉም «ተስማማ» ነው ይላችኋል። ከዚያ ሰው ረዘም ያለውን መርጦ ኢሜይሉ ላይ ይሰካዋል፣ የተማረ ያስመስላላ! እኔ ግን በአስተርጓሚነት ስሠራ ያየሁት ሌላ ነው። እነዚህን ቃላት የሚለያቸው ጉልበቱ ማን ጋ ነው የሚለው ነው።

አግሪ የእኩዮች ቃል ነው። ገዢና ሻጭ ተከራክረው ዋጋ ሲቆርጡ አግሪ አደረጉ ይባላል። ከሰው ጋር ሲሆን «ዊዝ» ይከተለዋል፣ ሐሳብ ሲቀበሉ «ቱ»፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ሲሆን «ኦን»። ደግሞ እኛ «ምግቡ አልተስማማኝም» እንደምንለው እነሱም በዚሁ ግስ ይሉታል። እንዴት እንደተገጣጠምን አላውቅም፣ ግን ደስ ይለኛል።

ኮንከር የዳኞችና የኮሚቴዎች ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላይ አንድ ዳኛ ኮንከር ካደረገ ውሳኔውን ደግፎ የራሱን ምክንያት ሊጽፍ ይችላል። በፈረንጆቹ 1952 ፕሬዚዳንት ትሩማን በኮሪያ ጦርነት ሰበብ የብረት ፋብሪካዎችን ሲወርሱ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 አይቻልም አለ። የፍርድ ቤቱን ሐተታ የጻፉት ዳኛ ሁጎ ብላክ ናቸው። ዛሬ የሕግ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱት ግን ሌላው ዳኛ ሮበርት ጃክሰን «እስማማለሁ፣ ግን» ብለው ለብቻቸው የጻፉትን ነው።

አሁን ወደ ኮንሰንት። እዚህ ላይ ቆም ልበል።

ኮንሰንት አንተ ላይ ለሚደረግ ነገር የምትሰጠው ፈቃድ ነው። ቢላው በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ገላው ያንተ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት እናት ለቀዶ ጥገና ሊገቡ ነው። ዶክተሩ ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ መድማቱ፣ ሊመጣ ስለሚችለው አደጋ ያስረዳል። እኔ አስተረጉማለሁ። እሳቸው በየመሃሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረጉ «እ» ይላሉ፣ ታውቁታላችሁ፣ ያቺን የኛን እ። ዶክተሩ መጀመሪያ ያመማቸው መስሎት ደንግጦ ነበር። መጨረሻ ላይ «ፈቃደኛ ነዎት?» ሲባሉ «እሺ ልጄ» አሉ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ተብለን ነው ያደግነው። እሺ ማለት ሰምቻለሁም ይሆናል፣ አክብሬሃለሁም ይሆናል፣ በቃ ጨርሰንም ይሆናል። ዶክተሩ ጎበዝ ነበር። ወረቀቱን ወደ ፊርማ አልገፋውም። «ምን ልናደርግልዎት እንደሆነ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» አለ። እማማ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ «እናንተ ታውቁ የለ?» አሉ። ከዚያ እንደገና ከሀ ተጀመረ። ያን ሁሉ ሰዓት የነበረው እሺ ኮንሰንት አልነበረም። አክዊየስ ነበር፣ ማለትም ሳይከራከሩ ዝም ብሎ መቀበል።

በነገራችን ላይ በአሜሪካ የምርምር ደንብ ልጅ የሚሳተፍበት ጥናት ሲኖር የወላጅ ፈቃድ ይጠየቃል፣ የልጁም እሺታ ለብቻው አሰንት ተብሎ ይጠየቃል። ደንቡ ልጁ ስላልተቃወመ ብቻ ተስማማ አይባልም ይላል። እኛ ቤት ልጅ እንዲህ ሲጠየቅ አይቼ አላውቅም፣ እናንተስ?

ይህ የኮንሰንት ዘር ከኛም ታሪክ ጋር ይተዋወቃል። የውጫሌ ውል፣ 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ጣሊያንኛው ላይ ያለው ግስ «ኮንሴንቴ» ነው። በአንዱ ቢፈልጉ ይችላሉ፣ በሌላው አስቀድመው እሺ ብለዋል። ሮም ከዚያች ግስ ተነስታ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። የቀረውን፣ አድዋን፣ ታውቁታላችሁ።

ወደ አክዊየስ ልመለስና ላብቃ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያደርገው እሱን ነው። ታይላንድና ካምቦዲያ በፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ ተካሰው ነበር። በፈረንጆቹ የ1904ቱ ውል ድንበሩ የውሃ መከፋፈያውን፣ ማለትም ዝናቡ ወዲህና ወዲያ ተከፍሎ የሚፈስበትን ከፍታ፣ ይከተል ይል ነበር። በኋላ፣ ያኔ ካምቦዲያን ትገዛ የነበረችው የፈረንሳይ መኮንኖች የሠሩት ካርታ ግን ቤተ መቅደሱን ወደ ካምቦዲያ አደረገው። ሲያም፣ የዛሬዋ ታይላንድ ማለት ነው፣ ካርታውን ተቀብላ ለዓመታት ዝም አለች። በፈረንጆቹ 1962 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ያንን ዝምታ እንደ መቀበል ቆጥሮ ቤተ መቅደሱ የካምቦዲያ ነው አለ።

እና ቢሮ ውስጥ «እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጣችሁ እንደተስማማችሁ እንቆጥራለን» የሚል ኢሜይል ሲመጣ እኔ አላልፈውም። «ደርሶኛል፣ ገና እያየሁት ነው፣ እስካሁን አልተስማማሁም» ብዬ ሐሙስ ማታ እልካለሁ። «ኖትድ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ኖትድ አንብቤዋለሁ ነው እንጂ አልተስማማሁም አይደለም፣ ላኪው ደግሞ እንደፈለገው ያነበዋል።