ሳይለሰን እንየው
(በድሬዳዋ በትምህርት ቤቶች አስቸኳይ ጥገና ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። አካም ጂርቱ። ነበድ።

ወላጆች፣ መምህራን፣ ርዕሰ መምህራን፣ ከትምህርትና ከፋይናንስ የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ከሥራ በኋላ፣ ስለ ግድግዳና ስለ ጣሪያ ለመስማት መምጣታችሁ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ወዲያ ወዲህ ሳልል ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ልጠይቃችሁ የመጣሁት ይሄን ነው። ለትምህርት ቤት አስቸኳይ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ተለይቶ ይቀመጥ። ከዚያ ገንዘብ ላይ ደግሞ፣ ሥራው በልስንና በቀለም ከመሸፈኑ በፊት ገለልተኛ ባለሙያ በዓይኑ ሳያየው አንድም ብር አይከፈል። ሁለቱ አንድ ላይ ካልሄዱ አይሆንም። ያልተፈተሸ ሥራ ላይ የወጣ ገንዘብ ስንጥቅ ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም። ገንዘብ የሌለው ፍተሻም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እኔ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። በሙያዬ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነኝ። ልጆቼ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ የክፍል ግድግዳ ሳይ እንደ ባለሙያም እንደ እናትም ነው የማየው።

እስቲ ስለ ስንጥቅ ላውራ። ሁሉም ስንጥቅ አያስፈራም። ልስን ሲደርቅ የሚፈጥረው ቀጭን መስመር አለ፤ እሱ መልክ ከማበላሸት አያልፍም። የሚያስፈራው ሌላው ነው። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ፣ እርሳስ የሚያስገባ ስንጥቅ። እንዲህ ያለውን ስታዩ መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። ከውስጥ ያያችሁትን ዞራችሁ ከውጭ ፈልጉት። በዚያው ቦታ ከውጭም ካለ፣ የተሰነጠቀው ልስኑ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ነው።

መምህራን ከኛ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ከፍ አድርጋችሁ ካልገፋችሁት አልዘጋ ያለ በር አለ አይደል? ዓምና ይዘጋ ነበር። አናጺ ይጠራል፣ በሩ ከሥሩ ይላጋል፣ ይዘጋል። በዓመቱ እንደገና እምቢ ይላል። አንዳንዴ እንጨቱ አብጦ ነው። ደጋግሞ ከመጣ ግን በሩን ተዉትና መቃኑን እዩ። መቃኑ ከተጣመመ ያጣመመው ግድግዳው ነው።

ማንም ሊሠራው የሚችል አንድ ዘዴ አለ። ስንጥቁ ላይ ያለውን ልስን ትንሽ አንሱና ብሎኬቱን አጽዱት። ጀሶ በጥብጣችሁ ስንጥቁን አቋርጦ እንዲያልፍ በመዳፍ ስፋት ለጥፉት። ሲደርቅ ቀኑን ጻፉበት። ፎቶ አንሱት። ከወር በኋላ ተመለሱ። ጀሶው እንዳለ ከሆነ ግድግዳው በዚያ ወር አልተንቀሳቀሰም። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግን ግድግዳው አሁንም እየሄደ ነው፤ ባለሙያ እስኪመጣ ልጆቹ እዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ወጪው ከቁጥር አይገባም። ያገኛችሁት ግን ቀን ያለው ማስረጃ ነው።

ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። ኮርኒስ ካለ ከላዩ ያለውን ሞራሌ፣ ቆርቆሮውን የሚሸከመውን እንጨት፣ ማንም አያየውም። ምስጥ ከውስጥ በልቶት ከውጭ ደህና ይመስላል። በመዶሻ መታ መታ ስታደርጉት ባዶ ድምፅ ያሰማል፤ ጠመንጃ መፍቻ ስትወጉበት ያለ ምንም ችግር ይገባል። ላዩ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ቢመታበት ከውጭ ያምራል፤ ሸክሙ ግን ያው የተበላው እንጨት ላይ ነው።

በኛ ከተማ ደግሞ የውኃው ነገር አለ። ዝናቡ እዚህ ሳይዘንብ ጎርፉ ይመጣል። ደንገጎ ተራራ ላይ የዘነበው ወርዶ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደው ጎርፍ የመጣው በሌሊት ነው። ክረምት ስለነበር ትምህርትም ዝግ ነበር። በልግ ላይ ግን ትምህርት ክፍት ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ውኃ ሲመጣ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ ናቸው።

ውኃ ሁልጊዜ ትልቅ ጎርፍ ሆኖ አይደለም የሚጎዳው። አሸንዳው የተበሳ ጣሪያ በየዝናቡ አንድ ቦታ ላይ ያፈሳል። አፈሩ ይሸረሸራል፣ መሠረቱ ይገለጣል፣ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ያዘነብላል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አጥር ነው። ቋሚ ያልተሠራለት፣ ፌሮ ያልገባበት፣ ረጅም የብሎኬት አጥር። ክፍል ስላልሆነ የፍተሻ ፎርም ላይ አይገባም። ልጆች ግን በረፍት ሰዓት ጥላ ፍለጋ የሚቀመጡት እሱ ሥር ነው። እባካችሁ ፍተሻችሁን ከአጥሩ ጀምሩ።

የመሬት መንቀጥቀጡንም አንርሳ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬት ለወራት ሲናወጥ ብዙ ሺህ ሰው ቀዬውን ጥሎ ወጥቷል። እኛም ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሩቅ አይደለንም።

ከሌላ አገር አንድ ታሪክ ልጥቀስ፤ ለኛ ይጠቅማል ብዬ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 መጋቢት ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች በተባለው ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። ሰዓቱ ወደ ማታ ስለነበር ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ነበር። ሰዎቹ ተመስገን ብለው ብቻ አልተቀመጡም። በአንድ ወር ውስጥ ፊልድ አክት የተባለውን ሕግ አወጡ። ሕጉ የትምህርት ቤት ግንባታ ፕላን በክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት እንዲመረመር አዘዘ። ግንባታው ላይም ከተቋራጩ ነፃ የሆነ ተቆጣጣሪ እንዲቆም አደረገ። ተቆጣጣሪውም፣ መሐንዲሱም፣ ተቋራጩም ሥራው በፕላኑ መሠረት መሠራቱን በየስማቸው ፈርመው ያረጋግጣሉ፤ ከዋሹ በሕግ ይጠየቃሉ። ያን ቀን ሰዓቱ አተረፋቸው። ቀጥሎ ግን በሰዓት አልተማመኑም።

ናይሮቢ ውስጥ ግን በመስከረም 2012 ዓ.ም. የአንድ ትምህርት ቤት ፎቅ የተደረመሰው ጠዋት ነበር። ልጆቹ ገብተዋል። ቢያንስ 7 ልጆች ሞቱ። መሬት አልተንቀጠቀጠም፣ ጎርፍም አልመጣም። ሕንጻው ነው የወደቀው።

"ኢንስፔክሽን እኮ አለን" የምትሉ ትኖራላችሁ። አለን። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ 4 ይሰጣቸዋል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ይቀጥል። ግን የሚመዝነው ትምህርት ቤቱን በጠቅላላ ነው። ሕንጻው በግብዓት ሥር ያለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ስለዚህ መምህራኑ የተጉበት፣ ልጆቹ ጥሩ ውጤት ያመጡበት ትምህርት ቤት አንድ ብሎኩ ሊወድቅ እያዘነበለ ደህና ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ልቡ የታመመን ሰው ዓይኑና ጥርሱ ጤነኛ ነው ብሎ እንደመሸኘት ነው። የሕንጻ ደኅንነት ከሌላ ነገር ጋር ተደምሮ መካፈል የለበትም። ለብቻው ይታይ። መልሱም ሦስት ብቻ ይሁን፦ ይማሩበት፣ ተጠግኖ ይማሩበት፣ ዛሬውኑ ይዘጋ።

ሕግ አጥተን አይደለም። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻን ከግለሰብ መኖሪያ ቤት ለይቶ ከፍ ባለ ምድብ ነው ያስቀመጠው። አዲስ ሲገነባ ይሄን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጥገና ሲሆን ግን "ትንሽ ሥራ ናት" ተብላ ትታለፋለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያልቃል። ትምህርት ቤት ባዶ የሚሆነው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጣሪያ ገልጦ፣ ግድግዳ አፍርሶ መሥራት የሚቻለው ያኔ ነው። ነገር ግን አሮጌው በጀት ተዘግቷል፣ አዲሱ ገና አልተለቀቀም። ተደልድሎ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊ ተለይቶ ውል እስኪፈረም መንፈቁ ይጋመሳል። በዚያን ጊዜ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ወይ መሰላል ሥር ይማራሉ፣ ወይ ሥራው ለሚቀጥለው ክረምት ይቆያል። የቆየው ገንዘብ ደግሞ ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ይሆናል። ይሄ የማንም ክፋት አይደለም። ሁለቱ የጊዜ ሰሌዳዎች ስለማይገናኙ ነው።

ስለዚህ ከመጠባበቂያ በጀቱ ላይ አንድ ድርሻ ለዚህ ይለይልን። ፍተሻው በግንቦት ይጠናቀቅ። ውሉ በሰኔ ይፈረም። ትምህርት በተዘጋ ማግስት ሥራው ይጀመር። ገንዘቡ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደሚሻገር ፋይናንሶች ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። መንገዱን አሳዩን።

የግዥ ሕጉም ለአስቸኳይ ሁኔታ ለየት ያለ የግዥ ዘዴ ይፈቅዳል። ኃላፊዎች ግን ኦዲት ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ ማንም ሰው ልጆች አተርፋለሁ ብሎ ራሱ መከሰስ አይፈልግም። እዚህ ጋ ነው ያ ቀን የተጻፈበት ጀሶ የሚጠቅመው። ፎቶው፣ የወሩ ልዩነት፣ የመሐንዲሱ ፊርማ። ይሄን የያዘ ኃላፊ ኦዲተር ፊት ቀና ብሎ ይቆማል።

ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ፣ ስኩል ግራንቱስ? የሚታሰበው በተማሪ ቁጥር ነው። ለመጻሕፍትና ለጠመኔ ተገቢ አሠራር ነው። ጣሪያ ግን በተማሪ ቁጥር አያረጅም። ጥቂት ተማሪ ያለው የገጠር ክላስተር ትምህርት ቤት ካዝናው ቀጭን ነው፣ ግድግዳው ደግሞ የጭቃ። የአስቸኳይ ጥገና ገንዘብ በቁጥር ሳይሆን በአደጋው መጠን መመደብ አለበት። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው።

"ትምህርት ለትውልድ" ተብሎ ሲጠራ የድሬ ሰው አዋጥቷል፣ አግዟል። ነጋዴውም፣ የባጃጅ ሾፌሩም፣ ውጭ ያሉ ልጆቻችንም። እግዚአብሔር ይስጥልን። ለአዲስ ብሎክ መስጠት ደስ ይላል፣ ሲመረቅ ይታያል። ለአሸንዳ የሰጠን ሰው ማንም አያጨበጭብለትም። እኔ ዛሬ አጨበጭብለታለሁ። እባካችሁ ለአሸንዳም ስጡ።

ክፍያው እንዴት ይሁን? ጥገናውን ብዙ ጊዜ የሚሠሩት የወጣት ማኅበራት ናቸው። ክፍያ ይዘገይባቸዋል፣ ሲሚንቶ በዱቤ ይወስዳሉ፣ ዋጋው ይጨምርባቸዋል፣ ከዚያ ከፌሮው ይቀነሳል። ይሄን ሳልናገር ስለ ጥራት ብቻ ባወራ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ስለዚህ በየደረጃው ቶሎ ይከፈላቸው። ግን በየደረጃው ይታይ። መሠረቱ ተቆፍሮ አርማታ ሳይሞላበት። ፌሮው ታስሮ ሳይሸፈን። ሞራሌው ተመቶ ቆርቆሮና ኮርኒስ ሳይለብስ። ግድግዳው ሳይለሰን። በየቦታው ተቆጣጣሪው ፎቶ ያንሳ፣ ይፈርም፣ በዚያው ሳምንት ይከፈል። ተቆጣጣሪው የሚከፈለው ከተቋራጩ እጅ አይሁን፤ ሥራውን የሰጠው ሰውም አይሁን ራሱ የሚረከበው። ጊዜያዊ ርክክብ ከተደረገም በኋላ ከክፍያው ተቀንሶ የሚቆየው የመያዣ ገንዘብ አንድ ክረምትና አንድ በልግ ሳያልፍ አይለቀቅ። ጣሪያ ያፈስ አያፈስ እንደሆነ የምናውቀው ሲዘንብ ነው።

ከባዱ ጥያቄ ቀርቷል። "ክፍሉን ብንዘጋው ልጆቹ የት ይሂዱ?" ርዕሰ መምህራን ይሄን ስትጠይቁኝ መልስ ቸግሮኝ ያውቃል። ፈረቃ ይሆናል። ክፍል ይጣበባል። ወላጅ ይቆጣል፤ ጠዋት የሚማረው ልጅ ከሰዓት ቤት ሲውል የሚጠብቀው የለም። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም ልጄ ለአንድ መንፈቅ በፈረቃ ብትማር እመርጣለሁ። እናንተም የምትመርጡ ይመስለኛል። ለትምህርት ቢሮው ግን አንድ አደራ አለኝ። በባለሙያ ምክር ክፍል የዘጋ ርዕሰ መምህር በሥራ አፈጻጸም ምዘናው እንዳይጎዳ በደብዳቤ አረጋግጡለት። ያለ ደብዳቤ ማንም አይደፍርም።

መውጫው ላይ ሁለት መዝገብ ተቀምጧል። አንዱ ለመሐንዲሶች፣ ለፎርማኖች፣ ለአናጺዎችና ለግንበኞች ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ለፍተሻ መውጣት የምትችሉ ስማችሁን ጻፉ። ሌላው ለመምህራን ነው። የማይዘጋ በር፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ያዘነበለ አጥር የምታውቁ የክፍሉን ቁጥር ብቻ አስፍሩ፤ እኛ እንመጣለን። ፋይናንሶች ደግሞ መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን፤ ከሰኔ በፊት ቢደርሰን ክረምቱን እንጠቀምበታለን።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ። መሐድሰኒድ።